«ሕጉ የሚጸናበት ቀን» ምንድን ነው?

በ2024 ጁላይ ወር የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ልትከራይ ሄደች። ኪራዩ 1,700 ዶላር፣ ዲፖዚቱ የሁለት ወር፣ 3,400። «የሁለት ወር ማስያዝ ቀርቷል፣ ሕጉ ወጥቷል» ብላ ሞገተች። ማስረጃም ነበራት። የሰፈሯ የሜሪላንድ ምክር ቤት ተወካይ በየዓመቱ ጉባኤው ሲያልቅ የሚልከው ኢሜይል ስልኳ ላይ ነበር። ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ የሚያደርገው ሕግ መጽደቁን፣ አገረ ገዥው ዌስ ሙርም መፈረማቸውን በደማቁ ጽፎታል። አከራዩ ስልኩን ተቀብሎ እስከ ታች ወረደና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፦ «ከኦክቶበር 1 ጀምሮ»። 3,400 ዶላሩን ከፈለች። ሰውየው ልክ ነበር።

የሚጸናበት ቀን ማለት ያቺ መስመር ናት፤ ሕጉ በሰው ላይ መሥራት የሚጀምርበት ቀን። ከዚያ በፊት ሕጉ አለ፣ ተፈርሟል፣ ቁጥርም ወጥቶለታል፤ ግን ማንንም አያስገድድም፣ እሱን ጠቅሶም መብት መጠየቅ አይቻልም።

ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው የአዋጆቹን ማሳረጊያ በቃሉ ይለዋል፦ «ይህ አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።» የምንሳሳተውም ከዚሁ ልማድ የተነሳ ይመስለኛል። አገር ቤት ብዙውን ጊዜ መውጣትና መጽናት በአንድ ቀን ስለሚውሉ «ሕጉ ወጣ» ከተባለ ሌላ ቀን አንጠይቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይገባሉ።

ምክር ቤቱ የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ነው፤ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ እስከ ኤፕሪል። በዚያች አጭር ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል፤ ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው ብዙ ነው። ያለፈው ደግሞ አገረ ገዥው ጋ ሄዶ እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማ ይቆያል። ከዚያ አከራዩ የውል ወረቀቱን ይቀይራል፣ ፍርድ ቤት ቅጹን ያስተካክላል፣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ያሠለጥናል። ለዚህ ጊዜ ለመስጠት ሲባል አብዛኛው ሕግ ኦክቶበር 1 ላይ ይጀምራል። በ2024 ቀኑ በእኛ መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም ነበር፤ እኔ የያዝኩት በዚያ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሕግ ብዙ ጊዜ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ የስቴቱ በጀት ዓመት የሚከፈትበት ቀን ስለሆነ። ቀን ያልተጻፈበት ሕግ በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ጁን 1 ይጸናል። «አስቸኳይ» የተባለው ብቻ እንደተፈረመ ይጀምራል፤ እሱም በሁለቱም ምክር ቤቶች ከአምስት እጅ ሦስት እጅ ድምፅ ካገኘ ነው።

የተወካይ ደብዳቤ የፖለቲከኛ ደብዳቤ መሆኑ ግን አይረሳ። ግሶቹን ልብ ብላችሁ አንብቡ። «ረቂቅ አቀረብኩ» ማለት ገና ምንም አልሆነም ማለት ነው፤ ማቅረብ ለሁሉም ተወካይ የተፈቀደ ነው። «በምክር ቤታችን አለፈ» ካለ መንገዱ ግማሽ ደርሷል፤ ምክር ቤቱ ሁለት ክፍል ነውና 141ዱ ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) ቢያሳልፉትም 47ቱ ሴናተሮች (የላይኛው) ይቀራሉ። «ተፈረመ» ትልቅ ነገር ነው፣ ሆኖም ፊርማ ያላረፈበትም አገረ ገዥው በጊዜው ካልሻሩት ሕግ ይሆናል። ከእነዚህ ግሶች አንዱም «ለእኔ ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ቀኑ ራሱም ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ በኩል የሜሪላንድ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ኢንሹራንስን የሚስተካከል አላውቅም። ወልዳ ለተኛች፣ ታማሚ ለሚያስታምም፣ ራሱም ለታመመ ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት የደመወዙን ከፊል የሚከፍል ነው። ምክር ቤቱ ሕጉን በ2022 ያጸደቀው የያኔውን አገረ ገዥ የላሪ ሆጋንን ተቃውሞ ሽሮ ነው። ክፍያው በጃንዋሪ 2025 ይጀምራል ተብሎ ነበር። በ2023 ጉባኤ ወደ 2026 መጀመሪያ ተገፋ፣ በ2024 ደግሞ ወደ ጁላይ 2026። በ2025 እንደገና ተገፍቶ የኢንሹራንሱ መዋጮ ከጃንዋሪ 2027፣ ክፍያው ከጃንዋሪ 2028 እንዲጀምር ተወሰነ። በ2022 ደብዳቤውን አንብባ ልጅ ለመውለድ ያሰበች እናት፣ ክፍያው ሲጀምር ልጇ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ደብዳቤ ላይ «ማስተካከያ አደረግን» የሚል ለስላሳ ዐረፍተ ነገር ካያችሁ፣ የአምናው ቀን ተገፍቶ እንዳይሆን ጠይቁ።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የረቂቁ ቁጥር ይኖራል፤ የዲፖዚቱ ሕግ ለምሳሌ ኤች ቢ (HB) 693 ነው። ቁጥሩን ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የጸደቀውን ጽሑፍ ክፈቱና ከፊት ሳይሆን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ። እንደ ነጋሪት ጋዜጣው ሁሉ ቀኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ ሕጉ ቀደም ሲል የተፈረመን ውል ይነካ ወይም አይነካ እንደሆነ የሚናገር አንቀጽም ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ የተወካዩ ቢሮ ደውላችሁ «የረቂቁን ቁጥርና የሚጸናበትን ቀን» በሉ። ሥራቸው ነው፣ አይሰለቹም።

የአክስቴ ልጅ ኦክቶበር 1 ሲደርስ 1,700 ዶላሯ አልተመለሰላትም። አዲሱ ልክ የሚመለከተው ከዚያ ቀን ወዲህ የሚፈረም ውልን ነው፤ የእሷ ደግሞ የጁላይ ነበር። ቤቱን ስትለቅ ያስያዘችውን በ45 ቀን ውስጥ የማግኘት መብቷ ግን የቆየ ሕግ ነው። በተከታዩ ዓመት ዊተን ስትከራይ ለክርክር ተዘጋጅታ፣ የመጨረሻውን ገጽ ፕሪንት አድርጋ ሄደች። አዲሱ አከራይ ገና ወረቀቷን ሳታወጣ «ዲፖዚት የአንድ ወር» አላት።