የአልዛይመርን ሂደት የሚያዘገይ መድኃኒት ምንድን ነው?

«ለአልዛይመር መድኃኒት ተገኘለት» የሚለው ወሬ በተናፈሰ ቁጥር፣ እዚህ ደሴ እናቱን ለምርመራ ይዞ የሚመጣ ልጅ «በሬም ሸጬ ቢሆን ያንን መርፌ ላስመጣላት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በልጁ አልፈርድም። የምፈርደው ሌካኔማብ የተባለው ይህ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት «ሕመምተኞቹን 27 በመቶ አሻላቸው» ብሎ በልበ ሙሉነት በተናገረው ተንታኝ ላይ ነው። ጥናቱ ያሳየው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱን ለ18 ወራት የወሰዱትም የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ተዳክሟል፣ የተዳከመበት ፍጥነት ግን ካልወሰዱት በ27 በመቶ ያነሰ ነበር። ቡና አፍልታ ቶናውን ቀድታ ሳትጨርስ «አቦሉ ደረሰ?» እያለች የምትጠይቅ እናት በዚህ መርፌ የጠፋባት አይመለስላትም።

ወሎ ውስጥ ተዳፋት መሬት ያረሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እርከን ያለውን አፈር ይይዛል እንጂ አምና በጎርፍ ወደ ቦርከና የወረደውን አይመልስም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ነባር እንክብሎች እርከን እንኳ አይደሉም፤ በተረፈው አፈር ላይ እንደሚጨመር ማዳበሪያ ናቸው። በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ምርቱን ለጊዜው ያሻሽላሉ፤ መሸርሸሩ ግን ከሥር ይቀጥላል። ሌካኔማብና መሰሉ ዶናኔማብ አንጎል ውስጥ የሚገኘውን አሚሎይድ የተባለውን የፕሮቲን ክምችት ስለሚጠርጉ ወደ እርከኑ ይቀርባሉ። ድንጋዩ ያገጠጠ ማሳ ላይ እርከን መሥራት ትርፉ ድካም ነውና፣ የተፈቀዱትም ሕመሙ ገና በጀመረበት ደረጃ ላይ ላለና አሚሎይዱ በምርመራ ለተረጋገጠለት ሰው ብቻ ነው። ውሃ ያቆረ እርከን እንደሚደረመስ ሁሉ፣ እነዚህም አንጎል እንዲያብጥ ወይም እንዲደማ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ተደጋጋሚ የኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ክትትል ይፈልጋሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይከብዳል። ተንታኙ ይህን ሁሉ ዘሎታል። ጎርፉም አንድ ብቻ አይደለም፤ አሚሎይዱ ቢጠረግም ታው የተባለው ሌላው ፕሮቲን በሴሎቹ ውስጥ መጠላለፉን አያቆምም።

በሙከራ ላይ ስላሉት ሕክምናዎች የሚወራውንም በጥርጣሬ እሰማለሁ። የመጀመሪያው የአሚሎይድ ክትባት ሙከራ በአንዳንድ ተሳታፊዎች ላይ የአንጎል ብግነት በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋርጧል፤ በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ሌላውን አሚሎይድ ጠራጊ መድኃኒት አዱካኑማብንም በ2024 አምራቹ ራሱ ትቶታል።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚረሳ አዛውንት ሁሉ አልዛይመር የያዘው አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የድብርት ሕመም፣ ከወራት በፊት ከደረሰ ቀላል መውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ሌላው ቀርቶ ለእንቅልፍ ተብሎ በየምሽቱ የሚወሰድ እንክብል ሰውን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይታከማሉ። በሬው ከመሸጡ በፊት እነዚህ ይጣሩ። አልዛይመር መሆኑ ከተረጋገጠና ዶኔፔዚል ከታዘዘም የልብ ምትን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት የእናትየው የልብ ምት ይለካ።