«የካንተርበሪው ቾሰር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የካንተርበሪው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር» ብሎ ጻፈ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ! ይባስ ብሎ «የከተማውን ካቴድራል እንዴት አድርጎ እንደገለጸው!» ሲል ያደንቃል። የት ገጽ ላይ?

የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ባለቅኔ ቾሰር የለንደን ልጅ ነው። የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ተወለደ፣ ከ1374 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) 12 ዓመት ያህል በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆነ፣ በ1400 ሞቶ ዌስትሚንስተር ተቀበረ። ካንተርበሪ ከምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ጋር ያጣበቀው የመጽሐፉ ርዕስ ነው፤ «የካንተርበሪ ተረቶች»፣ ወደዚያች ከተማ ለመሳለም የሚጓዙ ሰዎች በመንገድ ላይ የሚያወሩት ተረት።

ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ስላለ የታክሲው ሹፌር የፒያሳ ልጅ ይሆናል እንዴ? ካንተርበሪ መድረሻ ናት። ተሳፋሪዎቹ፣ ማለትም ተሳላሚዎቹ፣ የሚገናኙት ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ሳዘርክ በሚባል ሰፈር፣ ታባርድ በተባለ ማደሪያ ነው። ረዳቱ የማደሪያው ጌታ ሃሪ ቤይሊ ነው፤ በሒሳብ ፈንታ ተረት ይቀበላል፣ ሲጣሉ ይገላግላል፣ ምግብ አብሳዩ ሰክሮ ከፈረስ ሲወድቅም እሱው አለ። ጉዱ ግን ታክሲው ፒያሳ አለመድረሱ ነው። እያንዳንዱ ሲሄድ ሁለት ሲመለስ ሁለት ተረት ሊያወራ ተስማምተው ተነሡ፤ በእጃችን ያለው 24 ብቻ ነው፣ ከነሱም ያላለቁ አሉ፣ የመጨረሻውም የሚጀመረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ መንደር ዳር ነው።

እና ካቴድራሉስ? እዚያ በ1170 የተገደለውን ጳጳስ የቶማስ ቤኬትን መቃብር ሊሳለሙ ነበር ጉዟቸው። ቾሰር ግን አላስገባቸውም። ያስገባቸው ስሙ የማይታወቅ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ነው፤ በቀለም ያጌጠውን መስኮት ቀና ብለው እያዩ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ሲከራከሩ የምናገኛቸው በእሱ ቀጣይ ታሪክ ውስጥ ነው። ወዳጄ ያደነቀው ይህንን ከሆነ፣ አድናቆቱ ለሌላ ሰው ይድረስ።

«ስለዚህ ምንም ግንኙነት የለውም?» አላልኩም። በ1375 የአንድ ካንተርበሪ ነጋዴ ወራሽ ልጅ ሞግዚትነት ከንጉሡ ተሰጥቶት 104 ፓውንድ አግኝቶበታል፣ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። በ1386 ደግሞ ፓርላማ የገባው ኬንትን ወክሎ ነው፤ ኬንት ግን አውራጃው ነው፣ ካንተርበሪ የራሷን ተወካዮች ለብቻዋ ትልክ ነበር። ወደ ዶቨር ወደብ የሚወስደውም መንገድ በካንተርበሪ ያልፋል፣ ስለዚህ አልፎባት ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፦ ስለ ቾሰር ሕይወት ወደ 500 የሚጠጉ የመዝገብ ወረቀቶች ቢኖሩም፣ አንዱም እንኳ ባለቅኔ ነው አይልም። የሚነግሩን ደመወዙን፣ ሹመቱን፣ ዕዳውን ነው። ስለዚህ «እዚህ ተቀምጦ ጻፈው» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ተጠራጠሩ።

ለቤተሰቡ የምትቀርብ ባለ ካቴድራል ከተማ ካስፈለገች እኔ የምጠቁመው ሊንከንን ነው። ሚስቱ ፊሊፓ በ1386 የሊንከን ካቴድራል ማኅበር አባል የሆነችው በኋላ ሄንሪ 4ኛ ተብሎ ከነገሠው ጋር በአንድ ቀን ነው። እህቷ ካትሪንም በ1396 የንጉሡን አጎት ጆን ኦቭ ጎንትን እዚያው አገባች፣ መቃብሯም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። ግን እባካችሁ፣ ነገ ደግሞ «የሊንከኑ ቾሰር» ብላችሁ እንዳትመጡ። አባል የሆነችው ሚስቱ ናት።