ብሎኩ የት ገባ? የማስገቢያ ነጥብ ጣጣ በኦቶካድ

በኮምፒውተር ፕላን በምንስልበት ፕሮግራም በኦቶካድ፣ ብሎክ የሚባለው ብዙ መስመሮች በአንድ ስም ታስረው እንደ አንድ ዕቃ ሲያዙ ነው። በር፣ መስኮት፣ ሶኬት፣ የእጅ መታጠቢያ፤ ደጋግመን የምንፈልገው ሁሉ አንዴ ይሳልና ብሎክ ይሆናል። እያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ አንድ ማስገቢያ ነጥብ አለው። ብዙዎቻችን ቤዝ ፖይንት እንለዋለን። ኢንሰርት ስናደርግ፣ ማለትም ብሎኩን ፕላኑ ላይ ስናስገባ፣ ማውሱ ብሎኩን ይዞ የሚሄደው በዚህ ነጥብ ነው። የበሩ ነጥብ ማጠፊያው ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ የግድግዳውን ጥግ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው።

ብልሽቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ብሎኩ ሲሠራ ነው፤ የሚታየው ግን ሲገባ ነው። ብሎክ ስንሠራ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተው ሳጥን ነጥብ ምረጡ ይላል። ካለፍነው 0,0,0ን፣ ማለትም የሥዕሉን ዜሮ ነጥብ፣ ይወስዳል። በሩ የተሳለው ከዜሮ 40 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ስናስገባውም ጠቅ ካደረግንበት 40 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። አልገባም ብለን እንደግመዋለን። በኋላ የተሳለውን ሁሉ በአንዴ ለማየት ዙም ኤክስቴንት ስንል ፕላኑ አንሶ ይታያል፣ ሦስት በሮች ደግሞ ዳር ላይ ተደራርበው ይገኛሉ።

በሰርቬይ ፕላን ላይ ሲሆን ይብሳል። አዲስ አበባ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት ዞን 37 ውስጥ ናት። ኢስቲንጓ (የምሥራቅ ልኳ) ወደ 470 ሺህ ሜትር፣ ኖርዚንጓ (የሰሜን ልኳ) ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ይጠጋል። እዚያ ተስሎ ነጥቡ ዜሮ ላይ የቀረ ብሎክ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃል።

ምርመራው ቀላል ነው። ብሎኩን አንዴ ጠቅ አድርጉት። ተራ ብሎክ ግሪፕ የሚባል አንድ ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ያሳያል፤ ማስገቢያ ነጥቡ እሱ ነው። ግሪፑ ከዕቃው ላይ ከሌለ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው።

ለማስተካከል የብሎኩ ሥዕል ወደሚታረምበት ወደ ብሎክ ኤዲተር ግቡ። እዚያ ውስጥ 0,0 ራሱ ማስገቢያ ነጥቡ ነው። ሁሉንም መርጣችሁ ሙቭ በሉ፣ የማጠፊያውን ጥግ ያዙና ወደ 0,0 ውሰዱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ዳይናሚክ ኢንፑት፣ ማለትም ቁጥሩን ማውሱ አጠገብ የሚያስጽፈው፣ በርቶ ከሆነ 0,0 ብሎ መጻፍ «ካለህበት አትንቀሳቀስ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ከዜሮ እንዲቆጥር #0,0 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ከዚህ በፊት ግን ብሎኩ ፕላኑ ላይ ስንት ቦታ እንደገባ ቁጠሩ። ነጥቡ ሲቀየር ቀድመው የገቡት ሁሉ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። የተሽከረከሩት ደግሞ እንደ ዙረታቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚሄዱ በአንድ ሙቭ አይመለሱም። ስልሳ በር ያለው ፎቅ ከሆነ በአዲስ ስም አዲስ ብሎክ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

ዜሮ ላይ ያለ ነጥብ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸርና የሳኒተሪ ፋይሎች አንድ ኦሪጅን (ዜሮ ነጥብ) ከተጋሩ፣ ሁሉም 0,0 ላይ ሲገቡ ልክ በልክ ይደራረባሉ። ፋይሉ ሙሉውን ሲገባ የሚይዝበትን ነጥብ የሚወስነው ቤዝ የሚባለው ኮማንድ ነው። አንድ ሰው ሳያስበው ቀይሮት ከሆነ አንዱ ፎቅ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ዩኒትም ነጥብ የተበላሸ ያስመስላል። በሚሊሜትር የተሳለ ባለ 900 በር፣ ፋይሉ ላይ ዩኒቱ ሜትር ተብሎ ከተሞላ፣ በሜትር በተሠራ ፕላን ላይ 900 ሜትር ስፋት ይዞ ይገባል። ነጥቡ ልክ ነው፤ መታረም ያለበት ዩኒቱ ነው።

ኮንትሮል ሲ ብለን ስንቀዳ ኦቶካድ የታች ግራ ጥጉን እንደ መያዣ ነጥብ ይወስዳል። ኮንትሮል ሺፍት ሲ ግን ነጥቡን እኛ እንድንመርጥ ይጠይቃል።

አንድ የሚያደክም ነገር አለ። ያስተካከላችሁትን ብሎክ ከሌላ ፋይል ቀድታችሁ ስትለጥፉ አሮጌው ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ስሙ ነው። በሁለቱም ፋይሎች «በር» ከተባለ፣ የሚለጠፍበት ፋይል የራሱን «በር» ይይዛል። ከመቅዳታችሁ በፊት የተስተካከለውን ሪኔም አድርጉትና «በር 90 ቀኝ» በሉት።