የመንግሥት የእርሻ ድጎማ በዊትማን ካውንቲ፣ ዋሽንግተን

ዊትማን ካውንቲ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአይዳሆ ድንበር ላይ የሚገኝ፣ ፓሉስ የተባለው ኮረብታማ አገር እምብርት ነው። ነፋስ ባከማቸው ለም አፈር ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ አተርና ሽምብራ የሚያበቅል ሲሆን፣ በስንዴ ምርት ከአገሪቱ ካውንቲዎች ሁሉ በተደጋጋሚ አንደኛ ሆኖ ተመዝግቧል። በብዛት የሚመረተው ለስላሳ ነጭ ስንዴ በስኔክና በኮሎምቢያ ወንዞች ወደ ፖርትላንድ ወርዶ ለእስያ ገበያ ይጫናል። ገዢው ባሕር ማዶ በመሆኑ የገበሬው ገቢ ከዓለም ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የመንግሥት ክፍያም የካውንቲው ኢኮኖሚ ቋሚ አካል ሆኖ ቆይቷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድጎማው የተጀመረው በ1933 በወጣው የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ የስንዴ ማሳውን ለሚቀንስ ገበሬ ይከፍል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 ሕጉን ሲሽረው፣ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ክፍያውን ከአፈር ጥበቃ ጋር አያይዞ መልሶ አቋቋመው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የዋጋ ድጋፍና የማሳ ቅነሳ እየተፈራረቁ ቀጥለዋል። በ1985 የመጣው የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም ግን ለዚህ አካባቢ የተለየ ትርጉም ነበረው። የፓሉስ ቁልቁለቶች በጎርፍ ክፉኛ ይሸረሸራሉ፤ ገበሬው እንዲህ ያለውን መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት በሣር ሸፍኖ ሲያቆይ መንግሥት ዓመታዊ ኪራይ ይከፍለዋል።

ለሕዝብ ክፍት የሆነው ዝርዝር የክፍያ መዝገብ በብዛት የሚጀምረው ከ1995 በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በተሻለ ይታወቃል። በ2002 ሕግ ስንዴ በቡሼል (27 ኪሎ ግራም ገደማ) 52 ሳንቲም ቀጥታ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ ዋጋ ቢወደድም ይከፈል ስለነበር ብዙ ተተችቶ በ2014 ቀረ። የተተካውም ገበያው በሕግ ከተቀመጠው መነሻ ዋጋ ሲወርድ ብቻ ልዩነቱን የሚሸፍነው አሠራር ነው፤ ገቢን መሠረት ያደረገ ሌላ አማራጭም አለ። የስንዴ መነሻ ዋጋ 5.50 ዶላር ነበር። የ2019 ምርት አገር አቀፍ አማካይ ዋጋ 4.58 ሲሆን፣ ልዩነቱ 92 ሳንቲም ሆነ። 1,000 ኤከር (400 ሄክታር ገደማ) የተመዘገበ የስንዴ መሬትና በኤከር 60 ቡሼል የተመዘገበ ምርት ላለው ገበሬ፣ ክፍያው በመሬቱ 85 በመቶ ላይ ስለሚሰላ፣ ከሌላ ተቀናሽ በፊት 46,920 ዶላር ይሆናል። በ2022 ግን ዋጋው 8.83 ስለደረሰ በዚህ መንገድ አንድም ሳንቲም አልተከፈለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ስሌቱ የሚያየው በመዝገብ የሰፈረውን የመሬቱን ታሪክ እንጂ የዘንድሮውን ዘር አይደለም። በስንዴ በተመዘገበ ማሳ ላይ ምስር የዘራ ገበሬም የስንዴውን ክፍያ ይወስዳል። መሬቱ ምርቱን በመካፈል የተከራየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለባለመሬቱ ሲሶ ለአራሹ ሁለት ሦስተኛ በሚለው የአካባቢው ልማድ፣ ክፍያውም በዚያው ድርሻ ይከፈላል።

ከቻይና ጋር በተነሳው የንግድ ውዝግብ ወቅት ለስንዴ በ2018 በቡሼል 14 ሳንቲም ተጨማሪ ተሰጠ፤ ምስርና ሽምብራ ግን የተካተቱት በ2019፣ ክፍያው ለየካውንቲው በተመደበ የኤከር ተመን ሲሆን ነው። በ2021 ድርቅ አዝመራውን ሲመታው የሰብል መድንና የአደጋ ጊዜ ክፍያ ብዙ ቤተሰብ ታድገዋል።

ድጎማውን የሚያስተዳድረው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ገበሬዎች ራሳቸው ለሦስት ዓመት የሚመርጡት የካውንቲ ኮሚቴ አለው። ይህ የሚመሰገን አሠራር ነው፤ ምንም እንኳ በደቡብ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ጥቁር ገበሬዎችን አግልለዋል የሚለው ክስ በ1999 በትልቅ የካሳ ስምምነት ቢደመደምም። ድጎማው ለትልልቆች ያዳላል የሚል ክርክርም አለ። ክፍያው በመሬት ስፋት የሚሰላ በመሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ለአንድ ሰው ተቀምጦ የነበረው 125,000 ዶላር ጣሪያም ባልና ሚስት በየፊናቸው ሊያገኙት ይችሉ ስለነበር እምብዛም አያግድም ነበር ይባላል።

በ2025 የወጣው ሕግ የስንዴውን መነሻ ዋጋ ወደ 6.35 ዶላር፣ ጣሪያውን ወደ 155,000 ዶላር ከፍ አድርጓል፤ የ2025 ምርት ክፍያ የሚደርሰው ግን ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ነው።