ጎንደር ላይ የጸሐፍት ቡድን? ሰበቦቹና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያለው ተማሪ፣ አዘዞ የሚያስተምረው መምህር፣ በአዳር ፈረቃዋ ስልኳ ላይ ግጥም የምትሞክር ነርስ። ግን ሁሉም ለየብቻው ነው። «እስቲ እየተገናኘን እንነባበብ» ሲባል የሚነሱት ሰበቦች ደግሞ ሁሌም አንድ ናቸው፣ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም።

«መጀመሪያ ታዋቂ ደራሲ እናግኝ»

አያስፈልግም። አንድ አንጋፋ ሰው መሃል ከተቀመጠ ሌላው የእሱን አፍ ማየት ይጀምራል። የሚያስፈልገው ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆን ሰው ነው፣ እሱም አሁን የሚጽፍ እንጂ «አንድ ቀን እጽፋለሁ» የሚል አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ተራ አይደርስም፣ ተራ ያልደረሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀራል።

«ትችት ሰው ያስቀይማል፣ ባህላችን አይደለም»

ይሄን ጎንደር ላይ ሆኖ ማለት ከባድ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ስንኝ ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) የዋለውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይናገራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። መታረም ራሱ ትምህርቱ ነው። እኛን የሚያስቀይመን ሥራውን ትቶ ሰውየውን የሚነካ አስተያየት ነው። ከእሱ የማይተናነሰው ጉዳት ደግሞ «አሪፍ ነው፣ በርቺ» ብሎ ማለፍ ነው፣ ምክንያቱም ጸሐፊዋ ቤቷ ስትመለስ ምን እንደምታስተካክል አታውቅም።

የሚሠራው አካሄድ ቀላል ነው። ጽሑፉ ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ይላካል፣ ሁሉም አንብቦ ይመጣል። ጸሐፊው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ይላል፣ አይከራከርም፣ አያብራራም (ይሄ ሕግ ከሁሉም ይከብዳል፣ ግን አትተዉት)። አንባቢዎቹ መጀመሪያ ውስጣቸው የቀረውን ይናገራሉ፣ ከዚያ የጠፉበትን ቦታ ያሳያሉ። ለምሳሌ አንዱ ስለ ጥምቀት ጽፎ «ሕዝቡ በደስታ ሰከረ» ቢል፣ «አንተ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። በሚቀጥለው ጊዜ የፋሲል መዋኛን የድንጋይ አጥር ጨምድዶ የያዘውን የዛፍ ሥር፣ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ጸበሉ እስኪረጭ የሚጠብቀውን ልጅ ይዞላችሁ ሊመጣ ይችላል። ስንት ምክር የማያመጣውን ለውጥ አንድ ጥያቄ ያመጣዋል።

«ካነበብኩላቸው ይሰርቁኛል»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ሥራን በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ የግድ መታተም የለበትም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። አዋጁ የማይጠብቀው በጭንቅላት ያለ ሐሳብን ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ጽፎ መምጣት ነው፤ ቡድኑ ውስጥ የላካችሁት ፋይልም ቀኑን ይዞ ይቀመጣል።

«አዳራሽና ፈቃድ ከየት ይመጣል?»

ስምንት ሰው ተሰብስቦ ለመነባበብ አዳራሽ ምን ያደርጋል? በራሳችሁ ስም ገንዘብ የምትሰበስቡ ማኅበር መሆን ስትፈልጉ ምዝገባው ያኔ ይታሰብበታል። ለጊዜው ትምህርት ቤት ውስጥ ባዶ ክፍል ብታገኙ ይበቃል። ፒያሳ ያሉት ካፌዎች ደስ ይላሉ፣ ግን የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ሰዓት ማንም ማንንም አይሰማም።

«ሁላችንም ሲመቸን እንገናኛለን»

ቡድን የሚገድለው ይሄ ነው። ሁሉም የሚመቸው ቀን የለም። ቀንና ሰዓት ይቆረጥ፣ ለምሳሌ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም ይነበብ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ብዙ ሰው አይመቸውም። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅ ያንን ሳምንት ከወዲሁ ዝለሉት። አባላቱ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ ደግሞ ክረምት ሲገባ ቡድኑ አብሯቸው ይበተናል፤ ቢያንስ ግማሹ ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰው ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ቡድኑ ስምና ስለ መተዳደሪያ ደንብ አትከራከሩ። ሁለት ሰው ሁለት ሁለት ገጽ ይዞ ይምጣ፣ ከመለያየታችሁ በፊትም ቀጣዮቹ ተረኞች እነማን እንደሆኑ ይታወቅ።