የሚያዝግ ጥይት ምንድን ነው? (አሲድ የለበትም፣ በዘይትም አይለቅም)

ከጦር ሠራዊት መጋዘን የወጣ ርካሽ ጠመንጃ ገዝቶ ዒላማ መምታት የሚወድ ሰው ስለሚያዝግ ጥይት፣ ማለትም ከተተኮሰ በኋላ የጠመንጃውን ብረት ስለሚያዝግ ጥይት፣ መስማቱ አይቀርም። ሻጩ ይነግረዋል። ጓደኛው ያስጠነቅቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ግን ግማሹ ተረት ነው። ሰሞኑን አንዱ እንዲህ ሲል መከረ፦ «የድሮ ባሩድ አሲድ አለው፣ አፈሙዙን ይበላዋል። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ንፉበት፤ አሞኒያው አሲዱን ያከሽፈዋል። ከዚያ በዘይት ማሸት ነው።» በአራት መስመር ሦስት ስህተት። የባሰው ደግሞ ምክሩ አንዳንዴ መሥራቱ ነው። የሚሠራ ስህተትን ማረም ደግሞ ያደክማል።

ጠመንጃ እንዴት እንደሚተኮስ አላብራራም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። ሕጉና ፈቃዱም እንደየአገሩ ስለሆነ እሱን ራሳችሁ አጣሩ። በቀጥታ ወደ ጥፋተኛው እንሂድ።

ባሩዱ እዚህ ነገር ውስጥ እጁ የለበትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጥፋተኛዋ በቀለሁ ቂጥ መሀል የተቀበረችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትተፋው ትንሿ ፕራይመር ናት። በድሮው አሠራር ፕራይመሯ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ለእሳቱ ኦክስጅን መስጠት ነው። ኦክስጅኑን ሰጥቶ ሲጨርስ የሚተርፈው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ይህ እንግዲህ ጨው ነው፤ ሶዲየሙን በፖታሲየም ተካው እንጂ ከገበታ ጨው ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ጥይቱ ሲወጣ ይህ ጨው ደቅቆ በአፈሙዙ ውስጥ፣ ጥይቱን በሚያሽከረክሩት የውስጥ ጥምዝ መስመሮች ማዕዘን፣ በመዝጊያው ፊት ላይ ይበተናል። (መዝጊያ የምለው ጥይቱን ከኋላ ደግፎ የሚያሽገውን ተንቀሳቃሽ ብረት ነው።)

ጨው ደረቅ ሆኖ ሳለ ብረትን አይነካም። ከአየሩ እርጥበት ሲስብ ግን ይቀልጥና የጨው ውሃ ይሆናል። ውስጡ ያለው ክሎራይድ ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ይበሳል። ዝገቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይጀምርና ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይቆፍራል። በአሮጌ አፈሙዝ ውስጥ በብርሃን ስታዩ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት የመሰለው ከዚህ የመጣ ነው። ዝገቱን ፍቃችሁ ታወጡታላችሁ፤ ጉድጓዱን ግን አትሞሉትም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ባልደረባ የነበረው ዊልበርት ሃፍ ከተኩስ በኋላ የሚመጣውን ዝገት አጥንቶ ጥፋተኛው የፕራይመሩ ጨው መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ያተኮረው ዘይት በተቀባ ብረት ላይ በሚደርስ ዝገት ላይ ነበር። መቶ ዓመት አልፎታል። እኛ አሁንም «በዘይት እሹት» እንባባላለን።

ዘይት ለምን እንደማያድን በብረት መጥበሻ ላስረዳ። ጨው የበዛበት ነገር ጠበሳችሁ እንበል። መጥበሻውን ሳታጥቡ ዘይት በነካ ጨርቅ አሻችሁና ሰቀላችሁት። ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ጨው ግን በዘይት አይሟሟም። ጨርቁ ጥቂቱን ጠርጎት ይሆናል፤ የቀረውን ዘይቱ ሸፈነው እንጂ አላነሳውም። እርጥበት ደግሞ በስስ ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከዘይቱ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ያው መጥበሻ ውስጡ ኤናሜል የተቀባ ቢሆን ኖሮ ብረቱ አይነካም ነበር። እንደ ክላሽንኮቭ አፈሙዙ ክሮም የተለበጠ ጠመንጃ እንደዚያ ነው። ግን ኤናሜሉ አንድ ቦታ ከተፈረፈረ ዝገቱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከሥር ይሠራል። ክሮምም ስንጥቅ አያጣም። ደግሞ እጀታው የታሰረበት ብሎን አለ፤ እሱን ኤናሜል አልነካውም፤ ጨዋማው ውሃ እዚያ ይገባል። በጠመንጃው የጋዝ ቱቦው፣ ከአፈሙዙ የተኩሱ ጋዝ የሚገባበት ቱቦ፣ እንደዚያ ብሎን ነው። «አፈሙዙ ክሮም ነው፣ ምን አገባኝ» የሚለው ሰው የጋዝ ቱቦውን አውጥቶ ይየው። የዩጎዝላቪያው ኤስኬኤስ ኤም59/66 ጠመንጃ ደግሞ አፈሙዙም ክሮም የለውም። መጥበሻው እዚህ ላይ ይበቃዋል።

አሁን ወደ አሞኒያው። አሞኒያ አሲድን ያከሽፋል፤ ትክክል። ግን ፖታሲየም ክሎራይድ አሲድ አይደለም፤ የሚከሽፍ ነገር የለውም። መሟሟትና ታጥቦ መውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ታዲያ የመስታወት ማጽጃው ለምን ሠራ? ከሞላ ጎደል ውሃ ስለሆነ! ሰዎቹ ውሃ ነው የገዙት፣ በውድ ዋጋ። አሞኒያ በጠመንጃ ጽዳት ዝና ያገኘው በሌላ ሥራ ነው፦ ከጥይቱ ልባስ ተፍቆ አፈሙዙ ላይ የሚለጠፈውን መዳብ ያሟሟል። ይህ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ጨው ከመዳቡ ሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ለዚያ ግን ለመዳብ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ፈሳሽ አለ። የመስታወቱን ለመስታወት ተዉት።

ውሃ ምን ያህል ይበቃል? 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት 34 ግራም ያህል ፖታሲየም ክሎራይድ ያሟሟል። አንዲት ፕራይመር ውስጥ ያለው ቅመም በሙሉ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ብትተኩሱ እንኳ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይተርፋችኋል። ቀዝቃዛም ይሠራል። ውሃው ይፍላ የሚባለው ብረቱ ግሎ በራሱ እንዲደርቅ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ከተኮሱ በኋላ በማንቆርቆሪያና በማፍሰሻ የፈላ ውሃ የሚያወርዱበት ለዚህ ነበር።

የሩሲያውን የድሮ ጠመንጃ ሞሲን ናጋንትን ምሳሌ ላድርግ፤ ርካሽ ትርፍ ጠመንጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ 100 ዶላር ሳይሞላ ይሸጥ ነበር፤ ጥይቱም 440 ፍሬ በታሸገ ቆርቆሮ። ያ ዋጋ ዛሬ የለም፣ ቆርቆሮውም ብርቅ ሆኗል። ጠመንጃውና ልማዱ ግን አሉ። ተኩሳችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ መዝጊያውን አውጡ። አፈሙዙን ወደ ታች አዘንብሉት። በጥይት መግቢያው በኩል በማፍሰሻ የፈላውን ውሃ አውርዱ። ውሃው እንጨቱ ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ እንጨት ሥር የገባ ውሃ የማታዩትን ቦታ ያዝጋል። በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ ወልውሉ። ከዚያ የተለመደው ማጽጃ፣ በመጨረሻ ዘይት። ዘይቱን አልጠላሁም፤ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

መዝጊያውን አትርሱት። ሰው ሁሉ አፈሙዙን አሳምሮ አጥቦ መዝጊያውን ይረሳል። የሞሲን መዝጊያ ጭንቅላቱ ተነቅሎ ይወጣል። ፊቱን ገልብጣችሁ ስታዩ መርፌው የሚወጣባት ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት አለ። ጨው ከሁሉ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሳይታጠብ ካደረ ቀለበቱ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የመርፌውን ጫፍም አብራችሁ እጠቡ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል የብረት ዘንግ እያስገቡ መወልወል ከጨው ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል። ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ ይሞርደውና ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል። ጫፋቸው ትንሽ ወደ ውስጥ የተበሳ ሞሲኖች የምታዩት መጋዘን ውስጥ ያንን የተበላ ክፍል በመሰርሰሪያ ስላስወገዱት ነው። መዝጊያው የሚወጣ ጠመንጃ ካላችሁ ከኋላ ወልውሉ።

«እኔ ለዓመታት ተኩሼ አላጠብኩም፣ ምንም አልሆነም» የሚል አለ። አምነዋለሁ። ደረቅ አገር የሚኖር ሰው ነው። ጨው ያለ እርጥበት ሥራ ፈት ነው። ያው ጠመንጃ ተሽጦ ወደ ባሕር ዳርቻ ቢሄድ ግን ጨዉ አብሮት ይሄዳል። ገዢው ሳይተኩስ የዛገ ጠመንጃ ይኖረውና ሻጩን ይረግማል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ደንግጦ ተኩስ ቦታው ላይ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላጠብኩ ይላል። ይህም ማጋነን ነው። በዚያው ቀን ማጠብ ለአብዛኛው አየር ንብረት ይበቃል። እርጥበታማ ቦታ ከሆናችሁ ትንሽ ውሃ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አንዴ አውርዱበት፤ ቀሪውን ቤት።

ጥይቱ የሚያዝግ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? እዚህም ላይ ተረት ሞልቷል። ማግኔት አይነግራችሁም። ማግኔት የሚናገረው ብረት መኖሩን ነው፤ ስለ ፕራይመሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ቀለሁ ብረት መሆኑ ወይም ናስ መሆኑም ምስክር አይሆንም። «በርዳን ከሆነ ያዝጋል፣ ቦክሰር ከሆነ አያዝግም» የሚባለው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስት ነው። በርዳንና ቦክሰር የፕራይመር ቅርጽ እንጂ የቅመም ዓይነት አይደሉም። የማያዝግ በርዳን ሞልቷል። (በነገራችን ላይ በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ። አሜሪካኖች የእንግሊዛዊውን ወሰዱ፣ የአውሮፓ ጦሮች የአሜሪካዊውን። ይኼም አለ።)

ዕድሜም ብቻውን አይበቃም። ለአሜሪካው ኤም1 ካርባይን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ያመረተችው ጥይት ከመጀመሪያው የማያዝግ ነበር፤ በዚያው ጦርነት የሌላው የአሜሪካ ጠመንጃ፣ የጋራንዱ፣ ጥይት ግን ያዝግ ነበር። የጋራንዱ ሙሉ በሙሉ የተለወጠው በ1950ዎቹ ነው። ሶቪየቶች ደግሞ ለሞሲኑ ጥይት የክሎሬቱን ፕራይመር አሥርተ ዓመታት ይዘው ቆዩ። ስንፍና አልነበረም። ክሎሬት ያለው ፕራይመር ረጅም ዘመን መጋዘን ተቀምጦም በብርድ ያለ ማመንታት ይነሳል። ለጦር ደግሞ ያልተኮሰ ጥይት ከዛገ አፈሙዝ ይከፋል። ስለዚህ የምሥራቁ ጎራ ወታደራዊ ጥይት በእጃችሁ ከገባ፣ ሻጩ ምንም ይበል ምን፣ እንደሚያዝግ ቁጠሩት። ውሃ ርካሽ ነው።

አሲድ በጥይት ውስጥ በፍጹም አይገኝም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ነገሩ የሌላ ምዕራፍ ነው። በሙቀት የተበላሸ አሮጌ ባሩድ የናይትሮጅን አሲዳማ ጋዝ ያወጣል። የሚበላው ግን አፈሙዙን ሳይሆን ቀለሁን ነው፣ ከውስጥ፣ ገና ሳይተኮስ። ጥይቱን ስትከፍቱ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ካለው ወይም ናሱ አረንጓዴ ካበቀለ አትተኩሱት። የድሮ ፕራይመር ሜርኩሪ ካለውም የሚያሰባብረው የናስ ቀለሁን እንጂ አፈሙዙን አያዝግም። «የማያዝግ» የሚባለው ዘመናዊ ፕራይመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት። ለጠመንጃው ደግ ነው፣ ለእናንተ ግን አይደለም። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

ጥይቱ ከየት እንደመጣ ጨርሶ ካልታወቀ ሚስማሩ ይፍረድ። ጥይት መፍታት የሚያውቅና መሣሪያው ያለው ሰው አንዱን ፈትቶ ባሩዱን ያውጣ። ፕራይመር ብቻ የቀረበትን ቀለህ በተኩስ ቦታ፣ ዓይኑን በመነጽር ጠብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈጉ ሁለት ሦስት ሚስማሮች ላይ በቅርብ ይተኩሰው። ሌላ ያልተተኮሰበት ሚስማር ለማነጻጸሪያ ያስቀምጥ። ሁሉንም እርጥበት ያለበት ቦታ ሁለት ቀን ያሳድራቸው። የተተኮሰባቸው ቀይ ዝገት አውጥተው ያኛው ንጹህ ከሆነ ውሃ ይጣድ። ሁሉም እኩል ከዛጉ ቦታው እርጥበቱ በዝቶ ነው፤ ከእንደገና። የአንዱ ሳጥን ውጤት ደግሞ ለሌላው ሳጥን አይሠራም፤ የቀለሁ ቂጥ ላይ የታተመው የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ከተለየ ሌላ ሚስማር ያስፈልጋል።