ትራንስጀንደር ታካሚዎችና አካላቸው በሳይኮአናሊሲስ ክፍል

ሳይኮአናሊሲስ በንግግር ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የመጣለትን ሁሉ ያወራል፤ አናሊስቱ ከራስጌው ተቀምጦ ያዳምጣል። ክኒን የለም፣ መርፌ የለም። ታዲያ ጭንቀቱ ከገዛ አካሉ ጋር የሆነ ሰው ሲመጣ ወሬ ምን ይፈይዳል? የሙያው ሰዎች በዚህ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ክርክሩም ሁልጊዜ በጨዋነት አልነበረም።

ትራንስጀንደር የሚባሉት ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ እነሱ ራሳቸውን ከሚያውቁበት ጋር የማይገጥምላቸው ሰዎች ናቸው። የሙያው መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «እኔ» የምንለው ነገር መነሻው አካል እንደሆነ ጽፎ ነበር። ሕፃን ራሱን መጀመሪያ የሚያገኘው በቆዳው፣ በረሃቡ፣ በመታቀፉ ነው እንደማለት። ከዚህ ከተነሳን አካል እንደ ልብስ ላያችን ላይ የተደረበ ነገር አይደለም። ተከታዮቹ ግን ለረጅም ጊዜ የትራንስ ታካሚን አካል ትተው «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለውን ሲቆፍሩ ኖሩ። አንዱ በእናት አመካኘ፤ ሌላው የእብደት ጎረቤት አደረገው።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የምትገርመኝ አግነስ በሚል በተቀየረ ስም የምትታወቀው ወጣት ናት። በ1958 ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ 19 ዓመቷ ነበር። ጡቷም ቅርጿም የሴት፣ ብልቷ የወንድ። አካሏ በራሱ ጊዜ እንደዚህ እንደሆነ ተናገረች። አናሊስቱ ሮበርት ስቶለርና ባልደረቦቹ መረመሯት፣ ለሰዓታት አናገሯት፣ አመኗት። በ1959 የፈለገችው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ስቶለርም ጾታዊ ማንነት ከተፈጥሮ እንደሚመነጭ ማስረጃ አድርጎ አቀረባት። ከዓመታት በኋላ አግነስ እንደዋዛ እውነቱን ነገረችው። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ የታዘዘውን ኤስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን ስትውጥ ነበር። ፋርማሲ ሄዳ ለእናቴ ነው እያለች ታወጣ ነበር። ስቶለር መሸወዱን በ1968 በጽሑፍ አመነ።

ልጅቷ ዋሸች ማለት ይቻላል። ግን ያኔ እውነቱን ብትናገር በሩ ይዘጋባት ነበር። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ የሚሰጠውና የልብን የሚሰማው አንድ ሰው ከሆነ ታካሚው የሚያወራው የሚያስፈቅድለትን ነው። ዛሬ ብዙ አናሊስቶች ሁለቱን ሥራ መለየት የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ግብረ ሰዶማዊነትንና ትራንስነትን እንደ በሽታ ሲቆጥር ለኖረበት ዘመን በ2019 ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ራሱም ትራንስ የሆነው ፈላስፋ ፖል ፕሬሲያዶ ፓሪስ ውስጥ 3,500 ያህል አናሊስቶች ፊት ቆሞ ሙያቸውን ወረፈ። የተወሰኑት ጮኹበት። ያዘጋጀውን ንግግር እስከ መጨረሻው ማንበብ እንኳን አልቻለም።

ክፍሉ ውስጥ የሚወራው ግን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ያነሰና የቀረበ ነገር ነው። መስታወት ፊት ላለመቆም መብራት አጥፍቶ መታጠብ። ደረትን አጥብቆ ማሰር። ስልክ ሲነሳ የገዛ ድምፅ የሚያመጣው ሽምቅቅ ማለት። ለንደን የምትሠራው አናሊስት አሌሳንድራ ሌማ መታየት የሚለውን ነገር ታጠብቃለች፤ የአካሉን አለመግጠም ከልጅነቱ ጀምሮ ያየለት ሰው ያጣ ታካሚ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያይለት ዓይን ነው። እንግዲህ ሶፋው እዚህ ላይ ጣጣ አለው። መታየት ለሚያስጨንቀው ሰው እፎይታ ነው፤ መታየት ለናፈቀው ሰው ግን ከበስተኋላ የሚመጣ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ቀዶ ሕክምናውን የጨረሱም ይመጣሉ። አዲሱ አካል የድሮውን ትዝታ አያጠፋም፤ ደስታና ሐዘን አንድ ሳምንት ውስጥ ይፈራረቃሉ።

አናሊስቶቹ ዛሬም ተከፋፍለዋል፤ በተለይ በልጆች ጉዳይ። እንግሊዝ ውስጥ በ1989 የተጀመረው የታቪስቶክ የልጆች የጾታ ማንነት ሕክምና አገልግሎት ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ2024 ተዘግቷል።

ይህንን በአማርኛ ስጽፍ አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አናሊስት የታካሚውን ጾታ ሳይነካ ሰዓቱን ሙሉ «አንተ፣ አንቺ» ሳይል ሊያናግረው ይችላል። በእኛ ቋንቋ ግን «እንዴት ነህ?» ወይም «እንዴት ነሽ?» ስንል ገና በሩ ላይ ፈርደናል። «እርስዎ» ማምለጫ ነው፤ ግን የ19 ዓመት ልጅ «እርስዎ» ሲባል እንግዳ የተደረገ ይመስለዋል።